እንቁላል በኪስ ሲፈለፈል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)

ዛሬ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት ቀን በክፍላችን ስም ለመናገር ዕድል ስለ ተሰጠን ከልብ እናመሰግናለን። እንዲህ ባለው ቀን ንግግር የሚያደርግ ተማሪ ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ አገር ፍቅር መናገሩ የተለመደ ነው። እኛ የመረጥነው ርእስ ግን ትንሽ ነው፤ ከትንሽነቱም የተነሣ በመዳፍ ውስጥ ይጨበጣል። ይኸውም በዚህ ዓመት በታናናሾቻችን አንገትና ቦርሳ ላይ ተንጠልጥሎ ያየነው፥ መምህራን በክፍል ውስጥ የከለከሉት፥ እኛም በመጀመሪያ የሳቅንበት፥ በኋላ ግን ያላሰብነውን ያስተማረን የኪስ እንስሳ የሚባለው መጫወቻ ነው።

ይህን መጫወቻ ላላዩ ወላጆች አስቀድመን ምን እንደ ሆነ እንገልጻለን። መልኩ እንቁላል ይመስላል፤ በመካከሉ ትንሽ መስኮት፥ ከመስኮቱ በታች ሦስት ቁልፎች አሉት። ሥራውን ሲጀምር በመስኮቱ ውስጥ እንቁላል ይታያል፤ አምስት ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ እንቁላሉ ይሰበርና አንድ ትንሽ ፍጡር ይወጣል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለባለቤቱ ዕረፍት የለም። ፍጡሩ ሲርበው ይጮኻል፤ ሲያስቸግር ይገሠጻል፤ ሲታመም መድኃኒት ይፈልጋል፤ ሲተኛ መብራት ሊጠፋለት ይገባል፤ ካልተጠረገለትም ጕድፉ በአጠገቡ ይከመራል። ርኃቡና ደስታው በአራት በአራት ልብ ይለካል። ደኅና የተያዘ ያምራል፥ ዕድሜውም ይረዝማል፤ የተረሳ ግን ይሞታል። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። በዚህ መጫወቻ ውስጥ ግን እንቁላል ቀስ ማለቱን ትቶ በአምስት ደቂቃ በእግሩ ሄደ!

የተወለደው በጃፓን አገር ነው። ባንዳይ የተባለው የመጫወቻ ኩባንያ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ. ም.፥ ማለት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1996፥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ አቀረበውና ስሙን ታማጎቺ አለው። «ታማጎ» በጃፓንኛ እንቁላል ማለት ሲሆን የቀረው የስሙ ክፍል የእጅ ሰዓት ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደ ነው። አሳቡን ከፍጻሜ ያደረሱት ዊዝ በተባለው ኩባንያ የነበረው አኪሂሮ ዮኮይና የባንዳይ ሠራተኛ የነበረችው አኪ ማይታ ናቸው። ዮኮይ ይህን ነገር ያሰበው አንድ ልጅ ኤሊውን ይዞ መንገድ ለመሄድ ፈልጎ እናቱ ስትከለክለው የሚያሳይ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ባየ ጊዜ እንደ ሆነ ይነገራል። ማይታ ደግሞ ናሙናውን ይዛ ቶኪዮ ውስጥ ሺቡያ በተባለው ሰፈር የሁለተኛ ደረጃ ልጃገረዶችን እየጠየቀች መልኩን አስተካከለች። እንግዲህ በዚህ መጫወቻ ውስጥ የእኛ እኩዮች የነበሩ ተማሪዎች ምክርም አለበት ማለት ነው።

መጫወቻው በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ በጃፓን ሱቆች ደጃፍ ሰልፍ ተሰለፈ፤ በሚከተለው ዓመት ባሕር ተሻግሮ አሜሪካና አውሮፓ ገባ። በብዙ አገር ያሉ ትምህርት ቤቶችም ከለከሉት። የመጀመሪያው ዓይነት «ባለቤቴ በክፍል ውስጥ ነው» ብሎ አይጠብቅምና ልጆች ጧት ወደ ትምህርት ሲሄዱ እናቶቻቸው በሥራ ቦታ እንዲያበሉላቸው ይለምኑ ጀመር። በ1997 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ለማይታና ለዮኮይ ኢግ ኖቤል የተባለው የቀልድ ሽልማት በኢኮኖሚ ዘርፍ ተሰጣቸው፤ ምክንያቱም በሚሊዮን የሚቈጠር የሰው የሥራ ሰዓት የሌለ እንስሳ ወደ ማርባት አዙረዋል ተብሎ ነው። ኩባንያውም ፍላጎቱ የማያልቅ መስሎት እጅግ አብዝቶ ሠራ፤ ገበያው በድንገት ሲቀዘቅዝ ብዙ ዕቃ ሳይሸጥ ቀረበትና ከሠረ። ይሁን እንጂ መጫወቻው ጨርሶ አልጠፋም። በ2004 እርስ በርሱ የሚነጋገር፥ በ2023 ደግሞ ከኢንተርኔት የሚገናኝ ዓይነት ወጣ፤ እስከ ዛሬም ከ90 ሚሊዮን በላይ ለገበያ ቀርቧል።

ወደ የካስ በምን መንገድ መጣ? አንዳንዱ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለዕረፍት የመጡ አክስቶችና አጎቶች በሻንጣቸው ይዘውት የመጡት ነው። አብዛኛው ግን ርካሹ አምሳያ ነው፤ በጀርባው ላይ በውስጡ 168 እንስሳት እንዳሉበት ተጽፎበታል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን፥ ከሾላ፥ ከመገናኛና ከኮተቤ በሚመጡት ታናናሾቻችን ዘንድ በአንድ ወር ውስጥ ሲዛመት አይተናል። በዕረፍት ሰዓት ኳስ ይጫወቱ የነበሩ ልጆች ግንብ ሥር ተደርድረው እያጐነበሱ ቁልፍ ሲጫኑ ብናይ «የጃፓን እረኞች» የሚል ስም አወጣንላቸው።

የሆነ ሆኖ መሳቅ ቀላል ነው፤ ማስተዋል ግን ይበልጣል። ለመሆኑ አንድ ልጅ ሕይወት ለሌለው ነገር ይህን ያህል የሚጨነቀው ለምንድን ነው? በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚያስተምሩት ሼሪ ተርክል እንዲህ ያሉትን መጫወቻዎች ከልጆች ጋር ብዙ ዘመን መርምረዋል። ከምርምራቸውም የምንረዳው ሰው የወደደውን እንደሚንከባከብ ሁሉ የተንከባከበውንም መውደዱ አይቀርም ማለት ነው። ስለዚህ ልጁን የሚስበው የመጫወቻው መልክ አይደለም፤ «እኔን የሚፈልግ ነገር አለ» ማለቱ ነው። እቤት ውስጥ ሁሉ የሚያዘው፥ ሁሉ የሚልከው ታናሽ ልጅ በዓለም ላይ ያለ እርሱ የማይኖር አንድ ፍጡር አገኘ። ይህ ደግሞ የሚናቅ ነገር አይደለም።

የየካ ልጅ ወደ መጫወቻ የሄደው እንስሳ ሳያውቅ ቀርቶ ነው የሚለንም አይኑር። አባታችን ለፋሲካ በግ ገዝቶ ካስገባበት ቀን ጀምሮ ሣር አጭደን የምናበላ፥ ውኃ የምናጠጣ፥ ስም የምናወጣለት እኛው ልጆቹ ነን። በበዓሉ ሌሊት ቢላዋ ሲሳል ስንሰማ ጋቢ ተከናንበን ጆሮአችንን ይዘናል፤ ጧት ወጡ ሲቀርብ «አልበላም» ብለን አልቅሰናል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በልተናል። እንዲህ ሆኖ የአገራችን ልጅ ፍቅርንና ሞትን በአንድ ሳምንት ውስጥ ይማራል። በመጫወቻው ዘንድ ግን ሞት ቀላል ነው፤ ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ አዲስ እንቁላል ይመጣል።

በዚህ ነገር ላይ አንዲት የአራተኛ ክፍል ታናሽ እኅታችን የሰጠችንን መልስ እናስታውሳለን። ዘጠኝ ቀን ያሳደገችው ሞተባትና በደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘናት። እኛም እንደ ትልቅ ሰው ሆነን «ምን ያስለቅስሻል? ሁለቱን ቁልፍ ተጫኚው፥ ሌላ ይመጣልሻል» አልናት። እርስዋ ግን ቀና ብላ አየችንና «የሚመጣው ሌላ ነው እንጂ እርሱ አይደለም» አለችን። በዚያን ጊዜ ሳቅንባት። የሳቅንበትም ምክንያት ገና ተራችን ስላልደረሰ ነበር።

ዛሬ ወላጆቻችን ባሉበት የምንናገረው ዋናው ነገር ከዚህ የሚከተለው ነው። በታኅሣሥ ወር የግብርና ክበባችን ከሾላ በኩል አሥራ ሁለት የ45 ቀን ጫጩቶች ገዛ። የሌማት ትሩፋት የተባለው መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ዓ. ም. በአርባ ምንጭ ከተጀመረ ወዲህ በከተማችን ዶሮ ማርባት ወሬው በየቤቱ ስለ ሆነ፥ እኛም ከመጽሐፍ ያነበብነውን በተግባር እንድናየው መምህራችን ፈቀዱልን። በግቢው ጥግ በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቤት ሠራን፤ ቆጥ ሰቀልን፤ ሸለምጥማጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ከለልን፤ የፈንግል ክትባታቸውንም አስከተብን። መኖውን ማን እንደሚሰጥ፥ ውኃውን ማን እንደሚቀይር የሚናገር ዝርዝር በጥሩ ጽሕፈት ጽፈን በበሩ ላይ ለጠፍን። በዝርዝሩም ላይ የሃያ ሰዎች ስም ነበረ።

የጥምቀት በዓል ደረሰ። በየካ የተወለደ ሁሉ እንደሚያውቀው ለእኛ ሰፈር ትልቁ ቀን ጥር 12 ነው፤ የየካ ሚካኤል ታቦት በጃን ሜዳ ሰንብቶ በሆታና በእልልታ ወደ ደብሩ የሚመለስበት ቀን ነውና። ከከተራ አስቀድሞ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። አራት ቀን አለፈ። ከእኛ አንዱ «ሰፈሩ ቅርብ የሆነው ይሄዳል» አለ፤ ሰፈሩ ቅርብ የሆነው «ዘበኛው ያያቸዋል» አለ፤ ለዘበኛው ደግሞ የነገረው ሰው አልነበረም። ሁላችንም የተጻፍንበት ዝርዝር ማንም ያልተጻፈበት ሆነ።

በእነዚያው ቀኖች ከመካከላችን አንዱ የታናሽ እኅቱን መጫወቻ በአደራ ይዞ ነበር፤ እርስዋ በክርስትና እናትዋ ቤት ልትሰነብት ስለ ሄደች። ታቦቱን አጅበን ወደ የካ ስንወርድ፥ በጭፈራው መካከል፥ ከኪሱ ጩኸት ተሰማ። ወዳጃችንም ከሰልፉ ወጥቶ ከመንገዱ ዳር ቆሞ አበላው፤ ጕድፉንም ጠረገለት። ያን ቀን ሦስት ጊዜ እንዲሁ አደረገ። እኛም ዙሪያውን ከበን አራቱ ልቦች እስኪሞሉ ድረስ እናይ ነበር። እውነተኞቹ ጫጩቶች ግን ከእኛ ርቀው በአቀበቱ ላይ በተዘጋ ግቢ ውስጥ ነበሩ፤ ጩኸታቸውም ወደ ኪሳችን አይደርስም ነበር።

ከበዓል ስንመለስ የውኃው ዕቃ ተገልብጦ አገኘነው። መኖውም አልቋል። የጥር ሌሊት በእንጦጦ ግርጌ እንዴት እንደሚበርድ ታውቃላችሁ። ከአሥራ ሁለቱ አምስቱ ሞተው ነበር፤ ሰባቱ ጥግ ላይ ተደራርበው ዐይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል።

በዚህ ጊዜ ያሰብነውን ክፉ አሳብ ብንሸሽገው ይህ ንግግር ከንቱ ይሆናል። መምህራችን ሳይመጡ ከሾላ አምስት ገዝተን እንተካ ያልን ነበርን። ገንዘብም ማዋጣት ጀምረን ነበር። መጠናቸው አንድ ነው፥ ቀለማቸውም አንድ ነው፥ ማን ያውቃል አልን። ታዲያ ከእኛ አንዷ በቀስታ «ሁለቱን ቁልፍ ልንጫን ነው» አለች። ሁላችንም ዝም አልን፤ በደረጃው ላይ ተቀምጣ የነበረችውን ታናሽ ልጅ ያላስታወሰ ከመካከላችን አልነበረምና። ገንዘቡን ለየባለቤቱ መለስን፤ አምስቱን በግቢው ጥግ ቀበርን፤ ወደ መምህራችንም ሄደን የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው።

መምህራችን አልተቈጡም። የጠየቁን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «በዚያን ቀን ተረኛው ማን ነበር?» አሉን። የሚመልስ ጠፋ። «እንግዲያው በመጀመሪያ ይህን መልሱ» ብለውን ሄዱ።

ብዙ ከተከራከርን በኋላ መልሱን ያገኘነው፥ ብታምኑንም ባታምኑንም፥ ከዚያው ከሳቅንበት መጫወቻ ነው። መጫወቻው ያልተረሳው ለምንድን ነው ብለን መረመርን። አንደኛ ነገር ባለቤቱ አንድ ሰው ነው፤ ሃያ ሰው አይደለም። ሁለተኛ ርኃቡ በግልጥ በልብ ተሥሎ ይታያል። ሦስተኛ ሲቸገር ይጠራል። ጫጩቶቹ ግን ከሦስቱ አንዱንም አልነበራቸውም። ስለዚህ የሃያውን ሰው ዝርዝር ቀደድነው። ለዶሮው ቤት አንድ ቁልፍ ብቻ እንዲኖር አደረግን፤ ቁልፉ በእጁ ያለ ሰው እርሱ ተረኛ ነው፤ ለሚቀጥለው ሲያስረክብም ፊት ለፊት ቆሞ ከእጅ ወደ እጅ ይሰጣል እንጂ በሰው አይልክም። በበሩም ላይ በጠመኔ አራት ልብ ሣልን፤ አንዱ ለመኖ፥ አንዱ ለውኃ፥ አንዱ ለጽዳት፥ አንዱ ማታ በሩን ለመዝጋት። ተረኛው ሥራውን ሲፈጽም ልቡን ይሞላል፤ ጧት ደግሞ ይደመሰሳል። በኮሪደሩ የሚያልፍ ሁሉ፥ የአራተኛ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ፥ ባዶ ልብ ሲያዩ «ጫጩቶቹ ውኃ የላቸውም!» እያሉ ይጮኹብን ጀመር። በዚህ ዓይነት ጫጩቶቹም ድምፅ አገኙ።

እንግዲህ ይህ መጫወቻ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ነው ብላችሁ ብትጠይቁን መልሳችን አጭር ነው። ልጅን ሰዓት ማክበር፥ አደራ መጠበቅ ሊያስጀምረው ይችላል፤ ነገር ግን ትምህርቱን እዚያ ላይ ይጨርሰዋል። ጉድለቱም የሚጮኸውን ብቻ መስማት ማስለመዱ ነው። በዓለም ላይ ያለው ችግር አብዛኛው አይጮኽም። ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ጐንበስ ብለው የሚወርዱ እናቶች አይጮኹም። በኮተቤ መንገድ ጭነት የከበደበት አህያ አይጮኽም። ማታ ብቻዋን ተቀምጣ የልጅ ልጅዋን የምትጠብቅ አያትም «ልቤ ባዶ ሆነ» የሚል ደወል የላትም። እረኛ መንጋውን በስም ማወቅ እንዳለበት በጧት ጸሎት ስንሰማ ኖረናል፤ ትርጕሙን የተማርነው ግን በዶሮው ቤት ደጃፍ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ለእኩዮቻችንም አንድ ቃል እንጨምራለን፤ ታናናሾቻችንን ብቻ መገሠጽ አያምርብንምና። የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን በ2016 ዓ. ም. በቴሌግራም ላይ ሐምስተር የተባለው ጨዋታ ስንቶቻችንን ሌሊት እንዳስመሸን አልረሳነውም። እርሱም በእንስሳ መልክ የተሣለ ነበር፤ ነገር ግን መኖ አይፈልግም፥ ውኃ አይፈልግም፥ የሚፈልገው ጣታችንን ብቻ ነበር። ባለጠጋ እንሆናለን ብለን ወራት ሙሉ ነካካነው፤ በመስከረም 2017 ዓ. ም. ሳንቲሙ ተከፋፈለ ሲባል የብዙዎቻችን ድርሻ ለድካማችን የሚመጥን አልነበረም። የታናሽ እኅታችን መጫወቻ ቢያንስ ስለ ሌላ እንድትጨነቅ አድርጓታል፤ የእኛው ግን ስለ ራሳችን ብቻ ነበር።

ወላጆቻችንንም በትሕትና አንድ ነገር እንለምናለን። ሕፃን ልጅ ሲያስቸግር ስልክ አውጥቶ በውስጡ ያለችውን ድመት እንዲያበላ መስጠት ቀላል እንደ ሆነ እናውቃለን። ነገር ግን ከስልኩ ጋር አንድ የሚያጠጣው አበባ፥ ወይም የሚያበላት ዶሮ፥ ይህም ባይመች ለአያቱ ውኃ የማቅረብ ተራ ብትሰጡት ሥራው የእርሱ ብቻ ይሁን። ሲረሳም ቶሎ ብላችሁ አትሸፍኑለት፤ የተረሳው ነገር ምን እንደ ሆነ ወስዳችሁ አሳዩት። መምህራችን ለእኛ ያደረጉት ይህንኑ ነውና።

ክቡር ዲሬክተራችን፤ ከሰባቱ ጫጩቶች ሁለቱ አውራ ዶሮ ሆኑ፤ አምስቱ ሴቶች ናቸው። በሚያዝያ ወር መጨረሻ አንዷ የመጀመሪያዋን እንቁላል ጣለች። ትንሽ ናት፤ ከመጫወቻው ብዙም አትበልጥም። ከእርስዋ ጫጩት ለማየት አምስት ደቂቃ አይበቃም፤ ሃያ አንድ ቀን የምትታቀፍ እናት ያስፈልጋታል።

እኛ በሚመጣው ወር ፈተናችንን ተፈትነን ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ወደ ልዩ ልዩ ስፍራ እንበተናለን፤ አንዳንዶቻችንም በጥምቀት ሰሞን ወደ የካ ለመመለስ እንኳ አንችል ይሆናል። በእጃችን ያለው የዶሮው ቤት ቁልፍ ግን ከእኛ ጋር አይሄድም። ስለዚህ የ11ኛ ክፍል የግብርና ክበብ ተወካይ ወደዚህ መድረክ እንድትወጣና በመምህራንና በወላጆች ፊት ቁልፉን ከእጃችን እንድትቀበል በአክብሮት እንጠይቃለን። ዛሬ ጧት አራቱም ልቦች ሙሉ ናቸው። የማታው ግን የአንቺ ተራ ነው።